ስምንት ወር ከሮሊንግ ሊኑክስ ጋር፦ ፍላሹ ምን አጠፋ?

ከስምንት ወር በፊት ላፕቶፔ ላይ ሮሊንግ የሚባለውን ዓይነት ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ሲስተም) ጫንኩ። ስሙን ልተወው፤ ደጋፊዎቹ ኃይለኞች ናቸው። ሮሊንግ ላይ «የዘንድሮው ቨርዥን» የሚባል ነገር የለም፤ አዲስ ፓኬጅ (የታሸገ ሶፍትዌር) እንደወጣ እየተንጠባጠበ ይገባል። ስለ ፍጥነቱና ስለ ባትሪው ብዙ የምለው የለኝም፤ ደህና ነው። የምጽፈው ስለ አንድ ፍላሽ ነው።

ጠዋት ሥራ ስጀምር እንደ ልማዴ አፕዴት አደረግኩ። ሪስታርት አላደረግኩም። ያ ሁሉ ታብ ተከፍቶ ማን ያደርጋል? ከሰዓት ስብሰባ ልንገባ ስንል ባልደረባዬ ፍላሽ ሰጠኝ፤ ስላይዱ እሱ ላይ ነው። ሰካሁት። መብራቱ በራ። ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የለም። ነቅዬ በሌላኛው ቀዳዳ ሰካሁት። ምንም። እፍ አልኩበት። የዩኤስቢ ማውሴ እየሠራ ስለሆነ ቀዳዳውን አልጠረጠርኩም። «ፍላሽህ ሞቷል» አልኩት በሙሉ ልብ። ምስኪን፣ ስላይዱን በቃሉ ሲያብራራ ዋለ።

ማታ ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። የራሴን ፍላሽ ሰካሁ፤ እሱም ሞቷል! እየሠራ ያለውን ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) ቁጥር አየሁ፤ የትናንቱ ነው። ሞጁሎቹ (ከርነሉ እንደ ፍላሽ ያለ ዕቃ ሲሰካ ከዲስክ የሚያመጣቸው ቁርጥራጭ ፕሮግራሞች) ያሉበት ፎልደር ውስጥ ስገባ የትናንቱ ቁጥር የለም፤ ያለው የአዲሱ ብቻ። ለካ የጠዋቱ አፕዴት አሮጌውን ከርነል ከነሞጁሎቹ ከዲስክ ጠርጎት ኖሯል። ሜሞሪ ላይ እየሮጠ ያለው ግን አሁንም አሮጌው ነው። የማውሱ ሞጁል ቀድሞ ስለገባ ይሠራል። የፍላሹን ግን ገና አሁን ሊያመጣ ወደ ዲስክ ሲሄድ ቤቱ ፈርሶ ጠበቀው። ሪስታርት አደረግኩ፤ ፍላሼ ከሞት ተነሳ።

«ይሄማ የታወቀ ነው፣ አንብበህ መግባት ነበረብህ» የሚለኝ ሰው ከወዲሁ ይታየኛል። እሺ ወንድሜ። ግን ፌዶራ የሚባለው ሊኑክስም አዲስ ነገር ለማስገባት የሚቸኩል ነው፤ እሱ እንኳ ሦስት ከርነል ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ይቻላል ማለት ነው እኮ!

ሌላው ደግሞ ይነሳል፦ «ነግሬህ ነበር፤ ዴቢያን ስቴብል ግባ።» ዴቢያንም ሌላ ሊኑክስ ነው። ያሳሳተኝ ይሄው «ስቴብል» የሚሉት ቃል ነው። እኔ «የማይወድቅ» ብዬ ነበር የያዝኩት። ዴቢያኖች ግን በዋናነት «የማይለወጥ» ማለታቸው ነው፤ ሁለት ዓመት ገደማ ያው ፓኬጅ፣ የደህንነት ጥገና እየተጨመረበት። የእኔው በስምንት ወር አንዴም አልወደቀም። ቢወድቅማ ባወቅኩት። የጎዳኝ መለወጡ ነው፣ ያውም እግሬ ሥር፣ ሳላየው።

የማይለወጠውም ቢሆን አንዳንዴ ይቀናበታል። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ኤክስዚ በተባለው የፋይል መጭመቂያ 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የጓሮ በር (ሰርጎ ገብ በስውር የሚገባበት ቀዳዳ) ተቀብሮ ተገኘ። የተነቃበት አንድ ኢንጂነር የኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሌላ ኮምፒውተር የሚገባበት) መግቢያው ግማሽ ሴኮንድ ያህል ዘገየብኝ ብሎ ስለተጠራጠረ ነው። ያንን ኮድ ቀድመው የጎረሱት እንደኛ ትኩሱን የሚወዱት ናቸው። ዴቢያን ስቴብል ላይ የነበሩት አሮጌው ይዟቸው ተረፉ።

ታዲያ ተጸጸትክ ወይ? በዚያ ማታ ብትጠይቁኝ አዎ እል ነበር። ግን ይህን ላፕቶፕ ስገዛ ዋይፋዩን የሚያውቀው ያኔ የወጣው ከርነል ብቻ ነበር። አዲስ ከርነል በየ9 ወይም 10 ሳምንቱ ይወጣል፤ እኔ ሁለት ዓመት በኬብል ታስሬ ልቀመጥ? አልቀይረውም። አፕዴት የማደርገው ግን ማታ ላፕቶፑን ልዘጋ ስል ብቻ ሆኗል።

ባልደረባዬ ፍላሹን ጥሎ አዲስ ገዝቷል። እስካሁን አልነገርኩትም።