ለስላሳ የፍራፍሬ ኩኪስ በቤት፦ ለደጋው ምን ይገዛ፣ ለቆላው ምን?

ከደብረ ብርሃን በጣርማ በር በኩል ሸዋ ሮቢት ለመድረስ መንገዱ 95 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁልቁለቱ ግን ከ1,500 ሜትር ያልፋል። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ወደ 96 ይጠጋል። ለሻይ ይህ ብዙም አያሳስብ ይሆናል፤ ኩኪስ ላይ ግን ጎልቶ ይታያል። ደጋ ላይ የሊጡ እርጥበት ቶሎ ተንኖ ያልቃል፣ የቤኪንግ ፓውደሩም አየር ከልክ በላይ ይለጠጣል፤ ኩኪሱ አብጦ መሃሉ ይሰምጣል፣ ጠርዙ ይደርቃል። ቆላ ላይ ደግሞ ችግሩ የሚጀምረው ከምድጃ ከወጣ በኋላ፣ ከላዩ የሚቀባው የስኳር ቅባት (አይሲንግ) መንሸራተት ሲጀምር ነው። ስለዚህ ሁለቱም ከተማ ላይ አንድ ዓይነት ዕቃ መግዛት አያዋጣም።

ለማነጻጸሪያ የያዝነው ልክ ይህ ነው፦ 250 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 120 ግራም ቅቤ፣ 100 ግራም ስኳር፣ 1 እንቁላል፣ 120 ግራም የተፈጨ ፍራፍሬ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቁንጥር ጨው። 30 ግራም እያደረጉ ቢያድቦለብሉት 20 ያህል ይወጣዋል፤ በ180 ዲግሪ 12 ደቂቃ ይበቃዋል። ሸዋ ሮቢት ላይ እንዳለ ይሠራል። ደብረ ብርሃን ላይ ቤኪንግ ፓውደሩን በግማሽ፣ ስኳሩን ወደ 85 ግራም ይቀንሱ፤ 2 የሾርባ ማንኪያ ወተት ይጨምሩ፤ ምድጃውን 190 ላይ አድርገው ከ9ኛው ደቂቃ ጀምሮ ይመልከቱ። ጠርዙ ቀላ ሲል፣ መሃሉ ገና ለጋ እያለ ይወጣል፤ ትሪው ላይ 5 ደቂቃ ሲቆይ በራሱ ሙቀት ይጨርሳል። መሃሉም እስኪጠነክር የጠበቀ ሰው የጋገረው ብስኩት ነው።

ፍራፍሬው

ልስላሴውን የሚወስነው ይህ ነው፤ ገንዘብም ጊዜም እዚህ ላይ ይዋል።

ሙዝ ለጀማሪ የሚመረጠው ሳይበስል በሹካ ስለሚፈጭ፣ ሊጡንም ስለሚያያይዝ ነው። በጾም 60 ግራም ተጨማሪ ሙዝ የ1 እንቁላል ቦታ ይይዛል። ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ ግን ጥቁረቱ አያታልልዎ። ሙዝ ከ13 ዲግሪ በታች ሲያድር ልጣጩ ይጠቁራል፣ ውስጡ ግን እንደ ጥሬ ይቀራል፤ የደብረ ብርሃን ሌሊት ደግሞ ከዚህ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። የበሰለ ሙዝ ቢጫው ላይ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ይሸታል፣ ጫፉ ሲጫኑት ይለሰልሳል። አመድ መስሎ የጠቆረና ሲጫኑት የማይሰጥ ሙዝ በብርድ የተመታ ነው፤ ሊጡ ውስጥ እየተፈረፈረ ይቀራል፣ ጣዕሙም ይመራል። ብርድ ሳይመታው አረንጓዴውን ገዝቶ በካርቶን ዘግቶ ከኩሽናው ሙቅ ጥግ ማኖር ይሻላል።

ማንጎ የሸዋ ሮቢት ሰው ምርጫ ነው። መዓዛው ከሙዝ ይበልጣል፣ ቀለሙም ያምራል፤ ዳሩ ግን ከአምስት እጅ አራቱ ውሃ ነው። እንዲሁ ፈጭቶ ሊጥ ውስጥ የጨመረ ሰው ኩኪሱ ትሪው ላይ እንደ ቂጣ ሲዘረጋ ያያል። 250 ግራሙን ሰፋ ባለ ድስት በትንሽ እሳት እያማሰሉ 120 ግራም ገደማ እስኪቀር ያድርቁት፤ ማንኪያው ሲያልፍ የድስቱ ታች ተገልጦ ከታየና ቶሎ ካልተከደነ ደርሷል። ቃጫ የበዛበት ከሆነ በወንፊት ይለፍ። ዋጋ ሲያወዳድሩ ልጣጩንና ፍሬውን አይርሱ፦ ከ1 ኪሎ ማንጎ የሚገኘው ሥጋ 600 ግራም ገደማ፣ ከ1 ኪሎ ሙዝ ደግሞ 650 ገደማ ነው። ማንጎው ከዚያ ላይ በግማሽ ስለሚደርቅ፣ በኪሎ ርካሽ ቢመስልም ሊጡ ውስጥ ሲገባ ከሙዝ ሊወደድ ይችላል።

ቴምር ለደብረ ብርሃን ከሁሉም የምናስቀድመው ነው። እርጥበቱ ትንሽ ቢሆንም ስኳሩ ውሃን ይዞ ስለሚያቆይ ኩኪሱ በ4ኛውም ቀን ለስላሳ ነው። ብርድ አያበላሸውም፣ ወቅትም አይጠብቅም። ፍሬው የወጣለትን 90 ግራም በ3 የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ለ20 ደቂቃ ዘፍዝፎ መፍጨት ነው፤ በዚያው ልክ ከስኳሩ 30 ግራም ይቀነስ።

አፕል ተፈቅፍቆ በደንብ ካልተጨመቀ ውሃ ይለቃል፤ ለመዓዛ ካልሆነ አይመከርም። ማርማላታ ከግማሽ በላይ ስኳር ስለሆነ ሊጥ ውስጥ ሲገባ ታቹን ያሳርራል፤ በጣት መሃሉን ጎድጎድ አድርጎ በላዩ ማኖር እንጂ።

ቅቤ ወይስ ማርጋሪን?

ለጋ ቅቤ ጣዕሙን የሚወዳደረው የለም። ገበያ ላይ የሚገኘው ግን አሬራው ጨርሶ ስለማይወጣለት ውሃው እንደ ሻጩ ይለያያል፤ አንዱ ቀን ያማረው ኩኪስ በሌላው ቀን የሚፈስሰው ለዚህ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ 3 ጊዜ አጥቦ መጭመቅ፣ ወይም ያለ ቅመም አንጥሮ ከ120 ይልቅ 100 ግራም መጠቀም ልኩን ያስተካክላል። ለወጥ የተነጠረው አይሆንም፤ ኮሰረትና ኮረሪማ የሸተተ የሙዝ ኩኪስ ማን ይበላል? ማርጋሪን ልኩ አይዋዥቅም፣ ለጾምም ያገለግላል፤ ሆኖም አንዳንዱ የወተት ተዋጽኦ ስላለበት ማሸጊያው ላይ ያለውን ዝርዝር ያንብቡ። ዘይት 95 ግራም ይበቃል፤ ከስኳር ጋር ተመትቶ አየር ስለማይዝ ኩኪሱ ጠፍጠፍ ይላል፣ ልስላሴው ግን ይቆያል። በጾም ወተቱም በውሃ ይተካ።

ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ድንጋይ የሆነውን ቅቤ እሳት ላይ አቅልጦ መጠቀም የተለመደ ስህተት ነው። የቀለጠ ቅቤ አየር አይዝም። ቆራርጦ ለብ ያለ ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ማኖር ነው፤ ጣት ሲገባበት ጎድጎድ ካለ ይበቃዋል።

አይሲንግ

150 ግራም የዱቄት ስኳር በ25 ሚሊ ሊትር ሎሚ ሲበጠበጥ ለ20ው ይበቃል። ከማንኪያ ሲወርድ የሚሠራው መስመር በ10 ሰከንድ ውስጥ ከጠፋ ልክ ነው፤ ወዲያው ከጠፋ ቀጥኗል፣ ስኳር ይጨመር። ፈሳሹ በጠብታ እንጂ በማንኪያ አይጨመር፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብቻ ወፍራሙን ቀጭን ያደርገዋል።

የታሸገው የዱቄት ስኳር ወይስ በቡና መፍጫ የተፈጨ? የቤቱ ርካሽ ነው፤ ለ100 ግራም 1 የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ጨምሮ በጥሩ ወንፊት ከነፉት ለቤተሰብ ይሆናል። ለሽያጭ ግን የታሸገውን ይግዙ፤ የቤቱ ምላስ ላይ መሻከሩ አይቀርም። መፍጫው ቡና የተፈጨበት ከሆነም አይሲንጉ ቡና ቡና ይላል።

የቅቤ አይሲንግ (75 ግራም ቅቤ በ150 ግራም የዱቄት ስኳር) ለደብረ ብርሃን ቅዝቃዜ የተሠራ ይመስላል፤ ቀኑን ሙሉ ቅርጹን ይዞ ይውላል። ሸዋ ሮቢት ላይ ከቀትር በፊት ይፈስሳል፤ እዚያ የሎሚው ብቻ። የትም ይሁን የት ኩኪሱ ጨርሶ ሳይቀዘቅዝ አይቀባ፤ 40 ደቂቃ ይጠብቁ። የሙዝና የማንጎ ኩኪስ በማግስቱ እርጥበቱን ወደ ላይ ስለሚሰድ አይሲንጉ ይወዛል፤ የሚቀባው በሚበላበት ቀን ነው።

ምድጃ

ትንሹ የጠረጴዛ ኦቨን ለ20 ኩኪስ ይበቃል። ማሞቂያው ለትሪው ስለሚቀርብ ታቹ ይቃጠላል፤ ሁለት ትሪ መደራረብ ያድነዋል። የማዞሪያው ቁጥር ከእውነተኛው ሙቀት ሊራራቅ ስለሚችል፣ ኦቨን ከመቀየር በፊት የኦቨን ቴርሞሜትር ይግዙ። መብራት ሲጠፋ እንደ ድፎ ከላይም ከታችም ከሰል የተደረገበት ድስት ይሠራል፤ ኩኪሱ ከታች ድንጋይ ወይም ማስቀመጫ ላይ ከፍ ይበል፣ የላዩ ፍም ከታቹ ይብዛ።

ደብረ ብርሃን ተጋግሮ ቆላ ላሉ ዘመዶች የሚላክ ከሆነ የቴምሩን ይምረጡ፤ ሳይቀባ በክዳን ዕቃ ይደርደር፣ የዱቄት ስኳሩም ተመዝኖ ለብቻው ይታሰር። ሎሚውን እዚያው ይገዙታል።