አዞረስ፣ ማዴይራ ወይስ ሬዩኒዮን? ተራራ፣ ፏፏቴና ባሕር በአንድ ጉዞ

በማስታወቂያ ፎቶ ላይ ሦስቱም የደሴት መዳረሻዎች አንድ ይመስላሉ። ጥቁር ድንጋይ፣ አረንጓዴ ገደል፣ ሰማያዊ ባሕር። ሥሩ ላይ ደግሞ "ሃይኪንግ፣ ዳይቪንግ፣ ካንዮኒንግ" ተብሎ ተጽፏል። ውሸት አይደለም፤ ሦስቱም ቦታ ሦስቱም አለ። ግን እኩል አይደለም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር አስቡ፦ ከሃይኪንግ፣ ከዳይቪንግና ከካንዮኒንግ የትኛው ቢቀርባችሁ ነው የሚቆጫችሁ?

(ለማታውቁ፦ ሃይኪንግ በእግር ተራራ መሄድ፣ ዳይቪንግ የአየር ጋን ይዞ ከውኃ በታች መዋኘት ነው። ካንዮኒንግ ደግሞ ወንዝ ቦርቡሮ የሠራውን ጠባብ ገደል በገመድ እየወረዱ፣ ገንዳው ውስጥ እየዘለሉና እየዋኙ መጨረስ ነው።)

በእግር

እዚህ ላይ ለሬዩኒዮን አደላለሁ። ደሴቲቱ በሕንድ ውቅያኖስ ያለች የፈረንሳይ ግዛት ናት። ከፍተኛው ጫፏ ፒቶን ደ ኔዥ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ብዙ ሰው ከጫፉ በታች ባለው ማረፊያ ያድርና ፀሐይ ስትወጣ ለማየት በሌሊት በባትሪ ይወጣል። ማፋት የሚባለው ሸለቆ ደግሞ መኪና አይገባበትም። ሰው በእግሩ ይገባል፤ ለነዋሪው ዕቃ የሚያመጣው ሄሊኮፕተር ነው። ከመንደር መንደር እያደሩ ብዙ ቀን መሄድ ይቻላል። ጉልበት ግን ይጠይቃል፤ መውረዱ ከመውጣቱ ይብሳል።

ጉልበታችሁን ከምትፈሩት ወገን ከሆናችሁ የፖርቱጋል ደሴት የሆነችው ማዴይራ ትሻላለች። ሌቫዳ የሚባሉ የድሮ የመስኖ ቦዮች ተራራውን ይዞራሉ፤ ከጎናቸው ያለው መንገድ ሜዳ ነው ማለት ይቻላል። አንዳንዱ በዋሻ ስለሚያልፍ ባትሪ ያዙ። ጠባብም ስለሆነ፣ ከፍታ የሚያዞረው ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ። ከአሪዬሮ ጫፍ (1,818 ሜትር) ወደ ሩይቮ (1,862 ሜትር) የሚወስደው መንገድ ግን ሌላ ነው። ልዩነቱ 44 ሜትር ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ፤ መሐል ላይ ደረጃው ቁልቁል ወስዶ መልሶ ያወጣችኋል።

አዞረስ ዘጠኝ ደሴቶች ናቸው፤ እንደ ማዴይራ የፖርቱጋል ናቸው። የእግረኛው ትልቅ ፈተና ፒኮ ነው፣ 2,351 ሜትር። መንገዱ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ይጀምራል፤ ከመውጣታችሁ በፊት እዚያው ትመዘገባላችሁ።

በገመድ

እሳተ ገሞራ የሠራው ደሴት ተዳፋት ነው። ደመናው ከተራራው ጋር ይጋጫል፣ ይዘንባል፣ ውኃው ድንጋዩን ይቆርጣል። ሬዩኒዮን ላይ ይህ ከልኩ ያልፋል። ሲላኦስ ከተማ አጠገብ ያለው ፍሌር ዦን የሚባለው ገደል ለጀማሪም ከመሪ ጋር ይሆናል። ትሩ ደ ፌር ግን የባለሙያ ነው፤ በፎቶ አይታችሁ አትመዝገቡ። ከኖቬምበር እስከ አፕሪል ያለው ጊዜ የዝናብና የአውሎ ነፋስ ወቅት ስለሆነ ከሜይ እስከ ኦክቶበር ብትሄዱ ይሻላል።

ማዴይራ ላይ ካንዮኒንግ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው የምመርጠውም እሱን ነው። ከአዞረስ ደሴቶች ለጀማሪ ሳኦ ሚጌል፣ ለለመደ ፍሎሬስና ሳኦ ዦርዥ።

የትም ብትሄዱ ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ላይ ዝናብ ከጣለና ወንዙ ከሞላ ቀኑን ትቀይራላችሁ ወይስ ገንዘቡን ትመልሳላችሁ? "አይዘንብም" ብሎ ከመለሰላችሁ፣ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ከውኃ በታች

ዳይቪንግ ቀዳሚ ፍላጎታችሁ ከሆነ አዞረስ ነው፤ ብዙም አያከራክርም። ጠላቂዎች ከፋያልና ከፒኮ ደሴቶች ተነሥተው በጀልባ ሰዓታት ተጉዘው ፕሪንሰስ አሊስ የሚባለው የባሕር ውስጥ ተራራ ይደርሳሉ። ጫፉ 35 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ነው። በበጋ ሞቡላ የሚባሉት ክንፋም ዓሦች በመንጋ ያልፋሉ። ኮንዶር በተባለው ሌላ ቦታ ሰማያዊ ሻርክ ይታያል። ግን ክፍት ውቅያኖስ ነው፤ ማዕበል ከተነሣ ጉዞው ይሰረዛል። ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ሂዱ፣ ትርፍ ቀንም ያዙ።

ማዴይራ ከ1986 ጀምሮ የተጠበቀ ጋራዣው የሚባል የባሕር ክልል አላት። ግሩፐር የሚባሉት ትልልቅ ዓሦች ሰውን አይፈሩም፤ አጠገባችሁ ድረስ ይመጣሉ። በ2018 ሆን ተብሎ የሰመጠ የጦር መርከብም አለ። ረጋ ያለ፣ ቀለል ያለ ዳይቪንግ ነው።

ሬዩኒዮን ሞቃት ውኃና ኮራል አላት። ይሁን እንጂ ከ2011 ወዲህ በደረሱ የሻርክ ጥቃቶች ምክንያት፣ ኮራሉ ከማዕበል ከከለለው ሐይቀ ባሕርና ከሚጠበቁ ቦታዎች ውጭ መዋኘትና ሰርፍ (በሰሌዳ ማዕበል መጋለብ) ተከልክሏል። ዳይቪንግ ከማዕከላት ጋር ይሠራል። በየቦታው ዘው ብሎ መግባት የሚወድ ሰው ግን እዚህ ይበሳጫል።

ቅደም ተከተሉ

የጉዞ ጥቅሎቹ ላይ የማየው ስህተት ይህ ነው፦ ከሰዓት በኋላ ዳይቪንግ፣ በማግስቱ በጠዋት ተራራ። ከጠለቃችሁ በኋላ ሰውነት ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ መውጣት አለበት። ከፍታ ላይ ቶሎ ከወጣችሁ አረፋ ሆኖ ሊጎዳችሁ ይችላል። ደጋግሞ ለጠለቀ ሰው ከበረራ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ይመከራል፤ ብዙዎች 24 ይላሉ። ተራራም እንደዚያው ነው። ፒኮ ላይ የዳይቪንግ ጀልባውና ተራራው አንድ ደሴት ላይ ናቸው። ሬዩኒዮን ላይ ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ ማይዶ የሚባለው 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ቦታ ድረስ መኪና ይወጣል። ስለዚህ ተራራውና ገመዱ ቀድመው ያልቁ፤ ባሕሩ ይከተል። የመጨረሻው ቀን ዝቅ ያለ መንገድ ላይ በእግር ይለፍ።

ቪዛ ለሚያስፈልጋችሁ፦ አዞረስና ማዴይራ ሼንገን ውስጥ ናቸው። ሬዩኒዮን ግን አይደለችም፤ የሼንገን ቪዛ ብቻ ይዛችሁ ትኬት እንዳትቆርጡ።