ራሱን የሚያነሳ አሞርዛተር ነው ብለው ተራውን ይሸጡላችኋል፣ ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ልትገዙ ላሰባችሁ ነው። በተለይ ደግሞ ከኋላ ራሱን የሚያስተካክል አሞርዛተር ያለው መኪና ለምትነዱ። ንዴቴ ገና አልበረደም። እስኪበርድልኝ ብጠብቅ አለሳልሼ ነው የምጽፈው፣ ማለሳለስ ደግሞ አልፈልግም። 110 ሺ ብር ተበልቻለሁ።

ሰፈሩን ታውቁታላችሁ። መኪናችሁን ገና ሳታቆሙ ደላላው መስኮት ያንኳኳል። «ምን ነበር የፈለጉት?» የማይገኝ ዕቃ የለም። ከሌለም «አሥር ደቂቃ ይታገሱኝ» ነው። ዋጋው በደረሰኝ ሌላ፣ ያለ ደረሰኝ ሌላ። ይሄን ሁላችንም ለምደነዋል፣ አልዘረዝረውም።

መኪናዬ ቮልቮ ኤክስሲ 90 ናት፣ እ.ኤ.አ. የ2008 ስሪት። አንድ የውጭ ድርጅት በጨረታ ሲሸጥ ነው የገዛኋት። ሰባት ሰው ትይዛለች። የኋላ አሞርዛተሯ ኒቮማት የሚባለው ነው። ስለሱ ትንሽ ላስረዳ፣ ምክንያቱም የተሠራሁት በዚሁ ነው።

ተራ አሞርዛተር ክብደት አይሸከምም። መኪናዋን የሚሸከመው ስፕሪንጉ ነው። የአሞርዛተሩ ሥራ መኪናዋ እንዳትዘል መያዝ ብቻ ነው። ኒቮማት ግን ከኋላ ካለው ክብደት ከፊሉን ራሱ ይሸከማል። ስለዚህ ከፋብሪካ አብሮት የሚመጣው ስፕሪንግ ለስለስ ያለ ነው። ሽቦ የለውም። የአየር ቱቦ የለውም። ኮምፕረሰርም የለውም። ዘይቱም፣ ጋዙም፣ ፓምፑም ሆዱ ውስጥ ነው ያለው። ሰውና ሻንጣ ስትጭኑ የመኪናዋ ኋላ ዝቅ ይላል። መንዳት ስትጀምሩ መንገዱ ከፍ ዝቅ ያደርጋታል፣ ያው እንቅስቃሴ ፓምፑን ያሠራዋል። ትንሽ እንደሄዳችሁ ኋላዋ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቆማ አትነሳም፣ ስትነዳ ነው የምትነሳው። ይህቺን ያዙልኝ።

የኔዎቹ ዘይት ማልቀስ ጀመሩ። ኒቮማት ውስጡ ያለው ካመለጠው መሸከሙን ያቆማል፣ ኋላዋም ቁጭ አለች። ሜካኒኬ አይቶ «ጥንዱን ቀይር፣ አንዱን ብቻ እንዳትቀይር» አለኝ። ፎቶ አነሳሁት፣ ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር ጽፌ ያዝኩ፣ ሄድኩ።

ሱቁ ውስጥ የጠበቀኝ ሰው ትሁት ነበር። «ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለኝ። ፎቶውን አየ። ቁጥሩን አየ። ሳላስረዳው እሱ አስረዳኝ። «ይሄ ጭነት የሚሸከመው ነው፣ ተራውን ቢያስገጥሙ መኪናዎ ይተኛል» አለኝ። በገዛ አፉ። ከመደርደሪያው ላይ አንድ አወረደና ሰጠኝ። በሁለት እጄ ያዝኩት። ወፍራም ነው፣ ይከብዳል። ሳክስ የሚል የአምራቹ ጽሑፍ አለው፣ ከጽሑፉ ሥር ያለው ቁጥርም ከኔው ጋር አንድ ነው። «ይሄ ናሙና ነው፣ ጥንዱ መጋዘን አለ፣ ልጁ ያመጣልዎታል» አለ። ቡና አዘዘልኝ። ብሩን በሞባይል ባንኪንግ አስተላለፍኩ። ማሽኑ ኔትወርክ የለውም ብሎ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ሰጠኝ። ልጁ በፕላስተር ዙሪያውን የታሸጉ ሁለት ካርቶኖች ተሸክሞ መጣና ራሱ መኪና ላይ ጫነልኝ።

ጋራዥ ደርሰን ሜካኒኬ ካርቶኑን ከፈተ። ዝም አለ። አሮጌውን ፈትቶ አዲሱን አጠገቡ መሬት ላይ አስቀመጠው። አዲሱ ቀጭን ነው። ማንም ሰው፣ ስለ መኪና ምንም የማያውቅም ቢሆን፣ ልዩነቱን ያየዋል። ጽሑፍ የለውም። ቁጥር መኖር የነበረበት ቦታ በጥቁር ቀለም ተረጭቷል። «ይሄ ተራ አሞርዛተር ነው» አለኝ።

እዚያው ሆኜ ደወልኩ። ሜካኒኬም እንዲሰማ ስፒከር ላይ አደረግኩት። ሰውየው አልደነገጠም፣ አልተቆጣም። ድምፁ እንደ መጀመሪያው የለሰለሰ ነው። እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፣ አዲሱ ሞዴል ነው። ቀጠነ እንጂ ሥራው ያው ነው። ቁጥሩ በዝገት መከላከያው ተሸፍኖ ነው። ዝም ብለው ያስገጥሙት። ሲገጠም ዝቅ ቢል እንዳይደነግጡ፣ ይሄ ዕቃ ቆሞ አይነሳም። ጭነው ትንሽ ሲነዱት ራሱ ይነሳል።»

የበላኝ ይሄ ነው። ከገንዘቡ በላይ ይሄ ነው የሚያቃጥለኝ። «ራሱ ይነሳል» ያለው እውነት ነው፣ ለእውነተኛው ዕቃ። ሰውየው ኒቮማት እንዴት እንደሚሠራ ከኔ በላይ ያውቃል። ባያውቅ ኖሮ ተሳስቶ ነው እል ነበር። አውቆ፣ የዕቃውን ትክክለኛ ባሕርይ ወስዶ፣ የውሸት ዕቃ ማስገጠሚያ አደረገው። አንዴ ከተገጠመ ደግሞ ምን እንደሚለኝ ቀድሞ ያውቃል። ሜካኒኬ አልተዋጠለትም፣ ግን ሰውየው የተናገረው አሠራር ትክክል ስለነበር መከራከሪያ አጣ። ተገጠመ።

እሁድ እናቴን፣ እህቶቼንና ልጆቹን ጭኜ ወደ ቢሾፍቱ ወጣሁ። ከግቢ ስንወጣ ኋላዋ ተቀምጧል። ይነሳል ብዬ ነዳሁ። ቃሊቲን አለፍን። ገላን ደረስን። አልተነሳም። ዱከም መግቢያ ላይ ስፒድ ብሬከሩን ቀስ ብዬ ስወጣ የጭስ ማውጫው ማርሚታ አስፋልቱን ፋቀው። ያ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። እናቴ «ምን ተሰበረ ልጄ?» አለች። ከዚያ ወዲያ ጉብታ ባየን ቁጥር እህቶቼ እየወረዱ በእግር እያለፉ ነው የሄድነው። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት አልወረደችም፣ ግን ሁሌም ጉብታው ጋ ስንደርስ በሩን አጥብቃ ትይዝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት አስፈትቼ ካርቶኑ ውስጥ መልሼ ሱቁ ሄድኩ። «ጋሼ ይቀመጡ» የለም። ቡናም የለም። ዕቃውን ባንኮኒው ላይ ሳስቀምጥ ከስልኩ ቀና አላለም።

«ተገጥሟል» አለ።

«ግጠመው ያልከኝ አንተ ነህ።»

«እኔ? መቼ?» ወደ ልጁ ዞረ። «እኔ ግጠመው ብያለሁ?» ልጁ ደፋ ብሎ ቆሎ ይቆረጥማል። ካርቶኖቹን ተሸክሞ የጫነልኝ ያው ልጅ ነው። ቀና ብሎ አየኝ፣ «እኔ እኚህን ሰውዬ አላውቃቸውም» አለና ወደ ቆሎው ተመለሰ።

ወረቀቱን አወጣሁ። ከእጄ ወስዶ ጮክ ብሎ አነበበው። «አሞርዛተር፣ ሁለት ፍሬ። ሁለት ፍሬ አሞርዛተር አልወሰድክም? ወስደሃል። በቃ።» ስገዛ አንቱ ሲለኝ የነበረ፣ በዕድሜ ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። ናሙናው ከጀርባው መደርደሪያው ላይ እንደተቀመጠ ነው። ወፍራሙ፣ ሳክስ የሚለው፣ በሁለት እጄ የያዝኩት። በጣቴ አሳየሁት። ዞር ብሎ እንኳን አላየውም። «እሱ ለሽያጭ አይደለም» አለኝ።

ከዚያ ልጁ ከመሳቢያ የጎማ ቁራጭ አወጣና ባንኮኒው ላይ ወረወረልኝ። «ይሄን ስፕሪንጉ መሃል ይሸጉጡበት፣ ሁለት ሺ ብር ነው፣ ቀና ይላል።» ሁለቱም ሳቁ። ድምፄን ከፍ ሳደርግ ደላላው መጣና ክንዴን ይዞ «አባት፣ ገበያ አይዝጉብን» እያለ ወደ በሩ ገፋኝ። የዚያን ጊዜ አንድ ሌላ ሰው የመኪና ሊብሬ ይዞ እየገባ ነበር። ሻጩ ከወንበሩ ተነሳ። «ጋሼ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ» ሲለው ሰማሁት።

የሱቁን ስም አልጽፍም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማች መብት ይሰጣል፣ አቤቱታዬን በዚያው አስገብቻለሁ፣ ጉዳዩን ማበላሸት አልፈልግም። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ መለጠፍ ሕግን አይሽርም።

ለምትገዙ፦ ካርቶኑን እዚያው ባንኮኒው ላይ አስከፍቱ። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ጎን ለጎን አስቀምጡት፣ ውፍረቱን እዩ፣ ቁጥሩን አንብቡ። ቁጥሩ በቀለም ከተሸፈነ ውጡ። ደረሰኙ ላይ «አሞርዛተር» ብቻ አይበቃም፣ የዕቃው ቁጥር ይጻፍ። ብሩ የሚገባበት የሂሳብ ስም ከንግድ ፈቃዱ ጋር አንድ ይሁን፣ የኔው የሌላ ሰው ስም ሆኖ ነው የተገኘው። «ጋዝ እንሞላልሃለን» ብለው አሮጌውን ሊበሱ የሚፈልጉም አሉ። አታስነኩ፣ ውስጡ ያለው ግፊት ሰው ይጎዳል። ኒቮማት ጨርሶ ካልተገኘ ወደ ተራው መቀየር ይቻላል፣ ግን ስፕሪንጉም አብሮ መቀየር አለበት። ለተራው አሞርዛተር የተሠራው ጠንካራው ስፕሪንግ ማለቴ ነው። አሞርዛተሩን ብቻ ቀይረው «ይበቃል» የሚሏችሁ ሰዎች እኔ ዱከም ላይ የደረሰብኝን ነው የሚሸጡላችሁ።

መኪናዋ አሁን ጋራዥ ቆማለች። የኤክስሲ 90 የኋላ ኒቮማት ከውጭ በትክክለኛ ደረሰኝ የሚያስመጣ ወይም ጠንካራውን ስፕሪንግ ከነአሞርዛተሩ የሚሸጥ፣ ከዚህ በፊት ገዝታችሁ ያያችሁት ሰው ካለ ጠቁሙኝ። ከዚያ ሱቅ የገዛችሁ ካላችሁም ጻፉልኝ። አቤቱታው ላይ ብቻዬን ባልሆን ይሻላል።