የደብረ ብርሃን በሶ፦ ለአራት ወር የወንጌል አገልግሎት የያዝነው ስንቅ

ባለፈው ዓመት እኔና አንድ የአገልግሎት ባልደረባዬ ከቤተ ክርስቲያናችን ተልከን ለአራት ወር ወደ ሰሜን ኬንያዋ ማርሳቢት ስንሄድ፣ ከጫንነው ዕቃ ሁሉ ይበልጥ የጠቀመን 12 ኪሎ በሶ ነበር። የገዛሁት ደብረ ብርሃን ገበያ ውስጥ፣ ገብሱን ራሳቸው ቆልተው ከሚያስፈጩ አንዲት እናት ነው። ለተመሳሳይ አገልግሎት የሚዘጋጁ ወገኖች ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ ስለ ጥራቱና ስለ አጠቃቀሙ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ውርጭ የሚበረታባት ከተማ በመሆኗ፣ የዙሪያዋ ገበሬ አጥብቆ የሚተማመነው በገብስ ነው። ይሁን እንጂ እዚህ የሚሸጠው በሶ ሁሉ እኩል አይደለም። ቀደም ሲል ከአንድ ሱቅ በፌስታል ታስሮ የገዛሁት በሶ በቅጡ ስላልተፈተገ ገለባው ጉሮሮ ይቧጭር ነበር፤ ብዙ ሳይቆይም ጠረኑ ተለወጠ። እኚህ እናት ግን ገብሱን አርሰው ይፈትጉታል፣ ገለባውን አበጥረው ያወጣሉ፣ ካደረቁት በኋላም በሰፊ ምጣድ ላይ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ይቆሉታል። «ልጄ፣ እሳት የበዛበት በሶ ይመራል፣ እሳት ያነሰው ደግሞ ሆድ ይነፋል» ብለው አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ሰብረው ውስጧን አሳዩኝ፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ወርቃማ ቡኒ ነበረች። ዱቄቱን በሁለት ጣቴ ይዤ ባሸው አሸዋ የሚባል አልነካኝም፤ ጠረኑም ገና ከምጣድ የወረደ ቆሎ ይመስል ነበር።

ማርሳቢት በበረሃ መካከል የተነሣች ተራራማ ከተማ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ጭጋግ ይወርድባታል፣ ውኃ ግን እጅግ ውድ ነገር ነው። ያረፍንበት ቤት ውኃ በጀሪካን ይገዛል፤ ከሰልም እንዲሁ። እንግዳ ሆኖ በየማለዳው እሳት ማስነደድ በቤተሰቡ ላይ ሸክም መጨመር ስለሆነ፣ ምንም ማብሰል የማይፈልገው በሶ በዚህ ቦታ ዋጋው ታወቀን። ማታ ለሻይ ከሚፈላው ውኃ ተርፎ በፔርሙስ ያደረውን ጠዋት ወስደን፣ ለአንድ ሰው 50 ግራም ያህል በጥቂት ጨውና በርበሬ ጨብጠን እንበላ ነበር። ገብስ በውስጡ ያለው የሚሟሟ አሰር የምግብ መፈጨትን ስለሚያዘገይ፣ በእግር ሰፈር ለሰፈር ስንዞር ውለን እንኳ እስከ ቀትር ድረስ ረኃብ አይሰማንም ነበር። አባቶቻችን ለዘመቻ ሲወጡ በሶና ዳቦ ቆሎ መሰነቃቸው ያለ ምክንያት እንዳልነበረ በዚያ መንገድ ላይ ገባኝ።

አንድ ስህተት ግን ሠርተናል፤ እርሱንም ሳልደብቅ መናገር ይገባኛል። በመጀመሪያው ሳምንት የቤተሰቡን ምግብ ላለመሻማት ብለን ማታም በክፍላችን በሶ ጨብጠን እንተኛ ነበር፤ ይህንንም እንደ ቁጥብነትና እንደ ትሕትና ቆጥረነው ነበር። በስድስተኛው ቀን የቤቱ እመቤት በራችን ላይ ቆመው በቦረና ኦሮምኛ «ምግባችንን ጠላችሁት?» ብለው ሲጠይቁን ፊታቸው ላይ ያየሁት ኀዘን እስከ ዛሬ አልጠፋኝም። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ሰባዎቹን ሲልክ ኮረጆና ከረጢት እንዳይዙ ብቻ ሳይሆን፣ የሚያቀርቡላቸውንም እንዲበሉ አዟቸዋል፤ እኛ የመጀመሪያውን ስናሰላስል ሁለተኛውን ረስተነው ነበር። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ራታችን ከእነርሱ ጋር ኡጋሊና ባቄላ ሆነ፤ ኡጋሊው ከበቆሎ ዱቄት የተሠራ፣ ከእኛ ገንፎ የጠጠረ ነው። በሶው ለጠዋትና ለመንገድ ብቻ ቀረ። ከእኛ ስንቅም ለእነርሱ እናቀርብ ጀመር፤ ልጆቹ በግመል ወተትና በስኳር በጥብጠው ሲጠጡት፣ ለሁለት ሰው አራት ወር ይበቃል ብለን ያሰላነው በሶ በሦስተኛው ወር መጨረሻ አለቀ። ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም።

ለሚገዙ ሰዎች የምለው ጥቂት ነው። በሶውን ከጉዞው አንድ ሳምንት ቀድመው ያስፈጩት፤ ሳይቀዘቅዝ ከታሸገ ያልበዋል፣ ያኔም ይሻግታል። ቅቤ አስቀድሞ ማሸት በሙቀት ቶሎ ስለሚያበላሸው፣ ለረጅም ጉዞ ዱቄቱን ደረቅ እንደሆነ መያዝ ይሻላል። እኛ በሦስት በሦስት ኪሎ ከፍለን ክዳኑ በሚጠብቅ የፕላስቲክ ዕቃ ስላደረግነው፣ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያም በሞያሌ በኩል ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አልተበላሸም። ዋናው ጥንቃቄ ውኃው ላይ ነው፤ በሶ እሳት ስለማያገኝ፣ የሚበጠበጥበት ውኃ ካልፈላ በሽታውን ይዞ ይገባል። በየቀኑ ሲበሉትም ይሰለቻል፤ እኛ በሳምንት ሁለት ቀን በማር እየቀየርን ነው የዘለቅነው።

በመጪው ጥር ደግመን ስንሄድ እኚያው እናት ጋ 20 ኪሎ አዝዣለሁ፤ ስምንቱ ኪሎ ለማርሳቢቱ ቤተሰብ ነው።