ለግድግዳ ጋቢ፦ የጀርመኑ የ20 በመቶ የግብር ቅናሽና የውጭ ግድግዳ ኢንሱሌሽን ሲመዘኑ

በፈረንጆቹ 1960ዎቹ የተሠራ ቤት ጀርመን ውስጥ የገዛ ሰው የመጀመሪያው ክረምት ሲገባ አንድ ነገር ይገባዋል፤ ራዲያተሩ እየጋለ ግድግዳው በረዶ ነው። 24 ሳንቲሜትር ቀዳዳማ ጡብ፣ ከውስጥም ከውጭም ልስን፣ በቃ ሌላ የለም። የእንዲህ ዓይነቱ ግድግዳ ኡ-ቬርት 1.4 አካባቢ ነው። ውስጥና ውጭ በአንድ ዲግሪ በተለያዩ ቁጥር በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 1.4 ዋት ሙቀት ይሾልካል ማለት ነው። ውጭው ዜሮ፣ ሳሎኑ 20 ዲግሪ ሲሆን 120 ካሬ ሜትር ግድግዳ ከ3 ኪሎዋት በላይ ያፈሳል፤ ያለማቋረጥ የሚሠራ ትልቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ ጓሮ ላይ እንደማስቀመጥ ነው።

እዚህ የምንመዝነው ሁለት ነገር ነው፦ ጀርመኖቹ ፎልቬርመሹትስ የሚሉትን፣ ቤቱን ከውጭ የሚያለብሰውን ጋቢ፣ እና የገቢ ግብር ሕጉ በአንቀጽ 35ሲ የሚሰጠውን የ20 በመቶ ቅናሽ። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ቅናሹ ጥሩ ነው፤ ከመንግሥት ድጎማው ይልቅ ጣጣው ያንሳል። ጋቢው ደግሞ የሚመዘነው በጥለቱ ነው፤ መሐሉን ማንም ይለጥፋል፣ ሥራው ያለው ጠርዙ ላይ ነው።

ከግብሩ እንጀምር። ሕጉ ከ2020 ጀምሮ ይሠራል፤ እስከ 2029 መጨረሻ የተጠናቀቀ ሥራን ይሸፍናል። ሥራው ባለቀበት ዓመት የወጪው 7 በመቶ፣ በሚቀጥለው ዓመት 7 በመቶ፣ በሦስተኛው 6 በመቶ ከሚከፈለው ግብር ላይ ይነሳል። ከገቢው ሳይሆን ከራሱ ከግብሩ ነው የሚነሳው። ጣሪያው ለአንድ ቤት 40,000 ዩሮ ነው፤ ያን ለመድረስ 200,000 ዩሮ ማውጣት ስለሚያስፈልግ ለአብዛኛው ሰው ጣሪያ የለውም ማለት ይቻላል። ቤቱ ግንባታው ከተጀመረ ከ10 ዓመት በላይ ሊሆነው፣ ባለቤቱም ራሱ ሊኖርበት ይገባል። አከራይ አይመለከተውም፤ እሱ ወጪውን ከኪራይ ገቢው ላይ የሚያወራርድበት ሌላ መንገድ አለው።

በጣም የወደድነው ነገር ቅድመ ማመልከቻ አለመኖሩ ነው። ሥራው ይሠራል፣ ይከፈላል፣ በዓመቱ የግብር ማስታወቂያ ላይ ለኃይል ቁጠባ እርምጃዎች የተዘጋጀው ተጨማሪ ቅጽ ይሞላል። ሌላው መልካም ነገር ወጪው በሙሉ መቆጠሩ ነው። የሠራተኛ ጉልበት፣ መወጣጫው፣ የተሰነጠቀ ልስን ጥገናው፣ የመስኮት ደፍ መቀየሩ፣ የዝናብ ውኃ መውረጃ ቱቦው መዛወሩ፣ የመጨረሻው ቀለም ሁሉ ሥራው የግድ የሚያስከትለው እስከሆነ ድረስ ይገባል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶች 25ሲ ሲሉት የነበረው ቅናሽ ለኢንሱሌሽን የሠራተኛ ዋጋ አይቆጥርም ነበር፤ እሱም ቢሆን ከ2025 ማብቂያ በኋላ ለተሠራ ሥራ ቀርቷል።

አሁን ወደ ጉድጓዶቹ። የመጀመሪያው ጥሬ ገንዘብ ነው። ክፍያው በባንክ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ካልተላለፈ ፊናንስአምት፣ የግብር መሥሪያ ቤቱ፣ አይቀበልም፤ «በእጅ ብትሰጡኝ ትንሽ እቀንሳለሁ» የሚል ለሳኝ የሚቀንሰው ከናንተው 20 በመቶ ላይ ነው። ሁለተኛው ሰርተፊኬቱ ነው። ሥራውን የሠራው ድርጅት በገንዘብ ሚኒስቴሩ ሞዴል መሠረት ፈርሞ ካልሰጠ ቅናሽ የለም። ለሰርተፊኬቱ የኃይል አማካሪ መቅጠር ግዴታ አይደለም፤ ከተቀጠረ ግን ሥራውን ያቀደውና የተከታተለው አማካሪ ክፍያ 50 በመቶው ከግብር ይነሳል። ራስን በራስ መለጠፍም አይቆጠርም፤ ሥራው የባለሙያ ድርጅት መሆን አለበት።

ሦስተኛው ጉድጓድ በደንብ የማይነገረው ነው። ቅናሹ ከሚከፈለው ግብር አይበልጥም፣ የተረፈውም ወደ ሌላ ዓመት አይሸጋገርም። የመጀመሪያው ዓመት ድርሻ 1,960 ዩሮ ሆኖ የዚያ ዓመት ግብር 1,200 ብቻ ከሆነ 760 ዩሮ እዚያው ቀልጦ ይቀራል። የወሊድ ፈቃድ ላይ ያለ፣ ወደ ግማሽ ቀን ሥራ የሚዞር፣ ጡረታ የሚወጣ ሰው ሦስቱን ዓመታት አስቀድሞ ማስላት አለበት። ቤቱን በሁለተኛው ዓመት አከራይቶ የሚወጣ ሰውም የቀሩትን ድርሻዎች ያጣል። በክፍል በክፍል መክፈልም ነገሩን ያራዝመዋል፤ የፌዴራሉ የግብር ፍርድ ቤት በነሐሴ 2024 የማሞቂያ ጉዳይ ይዞ በሰጠው ውሳኔ ቅናሹ የሚጀምረው ሒሳቡ ተጠናቆ ከተከፈለ በኋላ ነው ብሏል።

ባፋ ከሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ድጎማ ጋር ሲነጻጸርስ? ባፋ ለግድግዳ 15 በመቶ ይሰጣል፤ ኢ-ኤስ-ኤፍ-ፔ የሚባለው የቤት እድሳት ዕቅድ አስቀድሞ ከተሠራ 5 በመቶ ይጨመርና 20 ይሆናል። የሚታሰበው ወጪ ያለ ዕቅዱ ለአንድ መኖሪያ በዓመት 30,000፣ ከዕቅዱ ጋር 60,000 ዩሮ ነው። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ይገባል፣ ግብር የማይከፍልም ያገኘዋል፤ ግን ማመልከቻው ሥራው ሳይጀመር መግባት አለበት፣ የተመዘገበ አማካሪም የግድ ነው። ለአንድ ሥራ ሁለቱንም መውሰድ አይቻልም። የ35ኤ የእጅ ባለሙያ ቅናሽም አብሮ አይሄድም። እንደኛ ግምት ደህና ደሞዝ ላለውና ማመልከቻ ለሚያሰለቸው ግብሩ፣ ለጡረተኛና ገቢው ለሚዋዥቅ ሰው ባፋ ይሻላል።

ሁለቱም በሮች ላይ ግን አንድ ቁጥር ቆሟል፦ ግድግዳው ከሥራው በኋላ ኡ-ቬርቱ 0.20 ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። ልስን ሲታደስ የሕንፃ ኃይል ሕጉ በራሱ የሚያስገድደው 0.24 ነው። ብዙ ርካሽ የዋጋ ማቅረቢያ በ0.24 ተሰልቶ ይመጣል፤ ባለቤቱ ሕጋዊ ሥራ ይሠራለታል፣ ቅናሹን ግን አያገኝም። ልዩነቱ ስንት ነው? ያው 1.4 የነበረው ግድግዳ ራሱ 0.71 ያህል (1 ለ1.4 ሲካፈል) ሙቀትን የመቋቋም አቅም አለው። 0.20 ለመድረስ በድምሩ 5 ስለሚያስፈልግ 4.29 ከጋቢው መምጣት አለበት። የጋቢው አቅም ውፍረቱ በሜትር ለላምዳው፣ ማለትም ሙቀት ለማሳለፍ አቅሙ፣ ሲካፈል ይገኛል። ግራጫው ፎም፣ ላምዳው 0.032 የሆነው፣ በ14 ሳንቲሜትር ለጥቂት ያልፋል። ላምዳው 0.035 የሆነ ነጭ ፎም ወይም የድንጋይ ሱፍ በዚያው 14 ሳንቲሜትር 0.21 ላይ ቆሞ ይወድቃል፤ 16 ይፈልጋል። የእንጨት ጭረት ሰሌዳ በ0.040 ሲሰላ 18 ይፈልጋል። ቦታ የጠበበበት መግቢያ ወይም የጎረቤት ድንበር ላይ ሬዞል የሚባለው ጠንካራ ፎም በ0.022 10 ሳንቲሜትር ይበቃዋል፣ ዋጋው ግን ይወደዳል። ግራጫውም 14ቱን አልፏል ብሎ መተኛት አይገባም፤ ሰሌዳውን ከግድግዳው ጋር የሚይዙት ፊሸሮች የሚያሾልኩት ሲታከል ያቺ ትንሽ ትርፍ ልታልቅ ትችላለች። 16 ይሁን፤ የሁለት ሳንቲሜትር ፎም ዋጋ ከመወጣጫው አንጻር ምንም አይደለም። ውሉ ላይ «ኡ-ቬርት ከ0.20 አይበልጥም፣ የ35ሲ ሰርተፊኬት ይሰጣል» የሚል መስመር ይጻፍ።

ገንዘቡን በምሳሌ እንየው። 120 ካሬ ሜትር ግድግዳ፣ ጠቅላላ ሒሳብ 28,000 ዩሮ። ቅናሹ 1,960፣ 1,960 እና 1,680፣ በድምሩ 5,600 ነው። ኡ-ቬርቱ ከ1.4 ወደ 0.2 ሲወርድ፣ ልዩነቱ 1.2 በ120 ካሬ ሜትርና ለጀርመን አየር ንብረት በተለመደው የስሌት ቁጥር በ66 ሲባዛ 9,500 ኪሎዋት ሰዓት ይድናል፤ በማሞቂያው ብክነት ሲስተካከል ወደ 10,500 ኪሎዋት ሰዓት ጋዝ ነው። በኪሎዋት ሰዓት 11 ሳንቲም ቢሰላ በዓመት 1,160 ዩሮ ገደማ። ከቅናሹ በኋላ የሚቀረው 22,400 ለዚያ ሲካፈል 19 ዓመት ይሆናል፤ እንዲህ ሲታይ አያጓጓም። ነገር ግን ልስኑ አርጅቶ ለመወጣጫ፣ ለጥገናና ለቀለም 11,000 ዩሮ እንዲሁም ሊወጣ የነበረ ከሆነ ጋቢው ራሱ የሚያስወጣው 11,400 ብቻ ነው፤ 10 ዓመት። ለዚህ ነው ጤነኛ ልስን ላይ ለቅናሹ ብሎ መጀመርን የማንመክረው፣ መወጣጫው ለሌላ ሥራ ከቆመ ግን ቤቱ ሳይለብስ መውረዱን የምንቆጨው። አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ አለ። በቀዝቃዛ ቤት የሚኖር ሰው ሁሉንም ክፍል አያሞቅም፤ ቤቱ ከለበሰ በኋላ ያሞቃል። ስለዚህ ከስሌቱ ሁለት ሦስተኛውን መጠበቅ ይሻላል፤ ያኔ 10 ዓመቱ 15 ይሆናል።

ወደ ጥለቱ እንምጣ። ሰሌዳው 100 በ50 ሳንቲሜትር ነው፤ ለ120 ካሬ ሜትር ከብክነቱ ጋር 250 ገደማ ይበቃል። ማጣበቂያው በሰሌዳው ዙሪያ ያልተቆረጠ ቀለበት ሆኖ ይደረግና መሐል ላይ ሁለት ሦስት እብጠት ይጨመራል፤ ቢያንስ 40 በመቶው ግድግዳውን መንካት አለበት። ጣጣው የሚመጣው ለሳኙ ቸኩሎ እብጠቱን ብቻ ሲያደርግ ነው። ከኋላ ነፋስ ይገባል፣ ሰሌዳው በሙቀት ብዛት እንደ ትራስ ያብጥና ይረግባል፣ በዓመት በሁለት ዓመት የሰሌዳዎቹ መስመር ግድግዳው ላይ እንደ ሰንጠረዥ ይታያል። አንድ ሰሌዳ ገና ሳይደርቅ ነቅሎ ጀርባውን ማየት የባለቤት መብት ነው፤ ጥሩ ለሳኝ አይቆጣም።

በሰሌዳዎች መሐል ክፍተት ከተገኘ በሞርታር አይደፈንም፤ ሞርታር ሙቀትን ያሾልካል፣ በኋላም ይሰነጠቃል። ከ5 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ ከራሱ ከፎሙ ቀጭን ቁራጭ ይገባበታል፣ ከዚያ በታች በሚረጭ ፎም ይሞላል። የመስኮት ማዕዘን ላይ የሁለት ሰሌዳ መገናኛ በፍጹም አይውልም፤ ሰሌዳው በኤል ቅርጽ ተቆርጦ ማዕዘኑን ያቅፋል። በላዩ ላይ በሰያፍ 20 በ40 ያህል የሆነ የመረብ ቁራጭ ይለጠፋል፣ ከዚያ ነው ዋናው መረብ የሚመጣው። መረቡ 10 ሳንቲሜትር ይደራረባል፣ በሞርታሩ የላይኛው ክፍል ውስጥ ይሰጥማል። መረቡን በደረቅ ፎም ላይ ዘርግቶ ከላይ ሞርታር የሚቀባ ሠራተኛ ከታየ ሥራው እዚያው ይቁም። ከመስኮቱ ማዕዘን በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከእነዚህ ስህተቶች የአንዱ ልጅ ነው።

ግራጫው ፎም በፀሐይ ይጠማዘዛል፤ መወጣጫው ላይ መረብ መጋረጃ ሳይሰቀል በሐምሌ ቀትር መለጠፍ የለበትም። ከ5 ዲግሪ በታች ደግሞ ሞርታሩ በቅጡ አይጠነክርም፤ «በኅዳር እንጨርሳለን» የሚል ቀጠሮ የሚያሳስበን ለዚህ ነው። ከመሬት የሚነካው ክፍል ውኃ የማይጠጣ፣ ኤክስ-ፔ-ኤስ የሚባል ፎም መሆን አለበት። የመስኮት ደፍ ከአዲሱ ልስን 3 ወይም 4 ሳንቲሜትር ወጣ ብሎ መንጠባጠብ አለበት፤ ካጠረ ጥቁር የውኃ ዱካ ይወርዳል፣ ውኃው ከደፉ ጫፍ ወደ ፎሙ ከገባም ማውጫው ይቸግራል። ማጣበቂያ ከአንዱ፣ መረብ ከሌላው፣ ልስን ከሦስተኛው አምራች የሚቀላቅል ዋጋ ርካሽ ይመስላል፤ ሲስተሙ ግን ፈቃድ የሚያገኘው በሙሉው ስለሆነ ዋስትናውን ያፈርሳል።

ከሰሜን በኩል ያለው ግድግዳ በጥቂት ዓመት አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ሙቀት ስለማይደርሰው ቀጭኑ ልስን ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ጤዛ ይይዛል፣ አልጌ ይበቅልበታል። ወፍራም የማዕድን ልስንና ወጣ ያለ የጣሪያ ክፈፍ ይረዳሉ፤ ፀረ-አልጌ ቀለም ታጥቦ ያልቃል። ጫካ አጠገብ ያለ ቤትም ግንደ ቆርቁር የሚባለውን ወፍ ይወቅ፤ ፎሙ ሲመታ ባዶ ግንድ ስለሚመስለው ይፈለፍለዋል።

መወጣጫው ከወረደ በኋላ አንድ ሥራ ይቀራል፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ማሞቂያው ገና የድሮውን ቤት ነው የሚያውቀው፤ 70 ዲግሪ ውኃ መላኩን ይቀጥላል። የማሞቂያ ባለሙያ ጠርቶ የራዲያተሮቹን ፍሰት ማመጣጠን፣ የማሞቂያውን ኩርባ፣ የውጭው ቅዝቃዜ ሲጨምር ውኃው ምን ያህል እንደሚሞቅ የሚወስነውን ቅንብር፣ ደግሞ በየሁለት ሦስት ቀኑ ትንሽ በትንሽ ማውረድ ነው፤ አንድ ክፍል ሲቀዘቅዝ አንድ ደረጃ ተመልሶ እዚያ ይቆማል። አብዛኛውን ጊዜ 55 አካባቢ ያለ ችግር ይደረሳል። ወደፊት የሙቀት ፓምፕ የሚያስብ ሰው ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፎ ያስቀምጥ፤ ሻጩ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።