ለግዙፍ አትክልት ውድድር ዱባ ይሻላል ወይስ ጥቅል ጎመን?

ለግዙፍ አትክልት ውድድር የሚዘጋጅ ጀማሪ ብዙውን ጊዜ ዓይኑን የሚጥለው ዱባ ላይ ነው። ይህም አያስገርምም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በካሊፎርኒያ የተመዘነው ዱባ ወደ 1,247 ኪሎ ግራም የደረሰ ሲሆን፣ በ2012 በአላስካ ክብረ ወሰን የያዘው ጥቅል ጎመን ግን 62.71 ኪሎ ግራም ነበር።

ይሁን እንጂ ዱባው የሚጠይቀው ድካም ቀላል አይደለም። «አትላንቲክ ጃይንት» ከተባለው ዝርያ የበቀለ አንድ ተክል ብቻውን ሰፊ መሬት ይይዛል፤ አብቃዩም ማለዳ የወንዴውን አበባ ቆርጦ ብናኙን በሴቴዋ አበባ ላይ በእጁ ያሳርፋል፣ ከያዙት ፍሬዎች አንዱን አስቀርቶ ሌሎቹን ያስወግዳል፣ ሐረጉ ተጨማሪ ሥር እንዲያወጣም አንጓዎቹን አፈር ያለብሳል። ፍሬው በፍጥነት በሚያድግበት ወቅት በቀን ከ10 ኪሎ ግራም በላይ ሊጨምር ስለሚችል፣ ቆዳው በፀሐይ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ጥላ ያስፈልገዋል፤ ስንጥቁ እስከ ውስጠኛው ክፍተት ከዘለቀ የወራት ልፋት ከውድድር ውጪ ይሆናል።

ጥቅል ጎመን በአንጻሩ ቅዝቃዜ ይስማማዋል፤ የአላስካ ጎመኖች የሚገዝፉትም በዋናነት የበጋው ቀን እጅግ ረጅም በመሆኑ ነው። ጥቂት ቦታ ይበቃዋል፣ ነገር ግን ናይትሮጅን የበዛበት አፈርና ያልተቋረጠ እርጥበት ይፈልጋል፤ ከደረቀ በኋላ በአንድ ጊዜ ብዙ ውሃ ቢጠጣ ጥቅሉ ይሰነጠቃል። ቅጠሉንም ቀንድ አውጣና አባጨጓሬ ይበሱታል።

በእኔ ግምት ሰፊ ጓሮና ረጅም ሞቃት ወቅት ያለው ሰው ዱባውን ይሞክር። ቦታው ጠባብና ቀዝቃዛ የሆነበት ግን ጎመኑን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ዱባውን ለማንሳት ማሽን ሲያስፈልግ፣ ጎመኑን ሁለት ሰው ተጋግዞ ወደ ሚዛኑ ያደርሰዋልና።