የከርሰ ምድር ውሃ ሶፍትዌር ስትመርጡ፦ የምትከፍሉት ለሞተሩ ነው ለጋቢናው?

«የከርሰ ምድር ውሃ ሶፍትዌር ልገዛ ነው፤ የቱ ይሻላል?» የሚል ሰው ሲገጥመኝ መልሼ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ጥያቄህ ስለ ጉድጓዱ ነው ወይስ ስለ አኩይፈሩ (ውሃውን ስለያዘው የምድር ንብርብር)? ጉድጓዱ በሰከንድ ስንት ሊትር ይችላል፣ ፓምፑ ስንት ሜትር ላይ ይቀመጥ የሚለው አንድ ነገር ነው። ሃያ ጉድጓድ አንድ ላይ ሲስብ ከ10 ዓመት በኋላ የውሃው ልክ የት ይደርሳል፣ አጠገቡ ያለው ምንጭስ ይተርፋል ወይ የሚለው ደግሞ ሌላ። ሶፍትዌሮቹም የተለያዩ ናቸው። ለመጀመሪያው ጥያቄ የሁለተኛውን መሣሪያ ገዝቶ ወራት ሲታገል የከረመ ሰው አውቃለሁ።

ጥያቄው ስለ ጉድጓዱ ከሆነ

የፓምፕ ሙከራ (ጉድጓዱን እየሳቡ ውሃው ስንት እንደሚወርድ የሚለካበት) ለመተንተን ስማቸው የሚነሳው አክቴሶልቭ እና አኩይፈርቴስት ናቸው። ሁለቱም ይከፈልባቸዋል፤ ሁለቱም በዊንዶውስ ይሠራሉ። ውሃው በየደቂቃው ስንት እንደወረደ ታስገባላችሁ። እነሱ ከታይስ (እ.ኤ.አ. 1935)፣ ከኩፐርና ጃኮብ (1946)፣ ከሀንቱሽ ወይም ከኒውማን መፍትሔ ጋር እያስተያዩ ትራንስሚሲቪቲውን (አኩይፈሩ ውሃ የማሳለፍ አቅሙን) ያወጣሉ።

እውነቱን ለመናገር ግን፣ ቀላል ሙከራ ሶፍትዌር አይጠይቅም። አንድ ጉድጓድ በሰከንድ 10 ሊትር ሲፓምፕ ቆየ እንበል። በቀን 864 ሜትር ኩብ ማለት ነው። የውሃውን መውረድ፣ ጊዜውን በሎግ ሚዛን አድርጋችሁ ስትስሉት ነጥቦቹ ቀጥ ብለው ተሰለፉ፤ ከ10ኛው እስከ 100ኛው ደቂቃ 1.58 ሜትር፣ ከ100ኛው እስከ 1,000ኛውም እንደዚያው። 0.183ን (የኩፐርና ጃኮብ ቀመር ቋሚ ቁጥር ነው) በ864 አባዙና ለ1.58 አካፍሉት። 100 ይመጣል። ትራንስሚሲቪቲው በቀን 100 ሜትር ካሬ ነው። በቃ። ለዚህ ኤክሴል ይበቃል። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይም ለዚሁ ሥራ ያዘጋጃቸውን የስፕሬድሺት ፋይሎች በነፃ ይሰጣል።

ገንዘብ ማውጣት የሚያዋጣው ነጥቦቹ አልሰለፍ ሲሉ ነው። መስመሩ መሃል ላይ ታጥፎ ቁልቁል ከወረደ ውሃ የማያሳልፍ ወሰን ተነክቶ ይሆናል። ጋደም ካለ ከወንዝ ወይም ከሌላ ንብርብር ውሃ እየገባ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚነግሯችሁ ስለ አለቱ ሳይሆን ጉድጓዱ ውስጥ ተጠራቅሞ ስለነበረው ውሃ ነው። ይህን ሁሉ ለመለየት አይን ብቻውን አይበቃም፤ የመውረዱ ፍጥነት በየጊዜው እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚያሳይ የዴሪቬቲቭ ግራፍ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ እኔ ለአክቴሶልቭ አደላለሁ። የመፍትሔዎቹ ብዛትና የዴሪቬቲቭ ሥራው ያኮራል፤ መልኩ የድሮ ቢመስልም። አኩይፈርቴስት ለጀማሪ ይቀላል፤ ሪፖርቱም ለደንበኛ ለማስረከብ ያምራል።

አንድ ማሳሰቢያ። መከታተያ ጉድጓድ ሳይኖራችሁ ከሚፓምፕበት ጉድጓድ ብቻ የለካችሁ ከሆነ፣ ሶፍትዌሩ የስቶራቲቪቲ (አኩይፈሩ ውሃ የማከማቸት አቅም) ቁጥር ከነነጥቡ ያወጣላችኋል። አትመኑት። ውድ ሶፍትዌር ያልተለካን ነገር አይፈጥርም።

ጥያቄው ስለ አኩይፈሩ ከሆነ

እዚህ ገዢ የሚሳሳትበት ትልቁ ቦታ አለ። ጂኤምኤስ፣ ቪዥዋል ሞድፍሎው ፍሌክስ፣ ግራውንድዋተር ቪስታስ እየተባለ እንደ ተፎካካሪ ሲደረደር ሦስት የተለያዩ ስሌቶች ይመስላሉ። አይደሉም። ስሌቱን የሚሠራው ሞተር ሞድፍሎው ነው። እሱን ደግሞ ያው የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ በ1984 አውጥቶ እስከዛሬ በነፃ ያድላል። ሞድፍሎው 6 በ2017 ወጣ፤ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። ኩባንያዎቹ የሚሸጡላችሁ ጋቢናውን ነው። መሪው፣ ወንበሩ፣ ዳሽቦርዱ።

ጋቢና ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ሞድፍሎውን በጽሑፍ ፋይል ብቻ የሠራ ሰው ጋቢና ምን እንደሆነ ያውቃል። አንድ ቀን ቀላል ሞዴል ስሠራ፣ ጉድጓዶቹን አስገብቼ ሳስኬደው የውሃው ልክ በየዓመቱ ከፍ አለ። ግማሽ ቀን ስርገቱን (ከዝናብ ወደ ምድር የሚገባውን ውሃ) ስጠራጠር ዋልኩ። ለካ በሞድፍሎው የሚሳብ ውሃ በመቀነስ ምልክት ነው የሚጻፈው። እኔ ምልክቷን ረስቼ ጉድጓዶቹ ሁሉ ወደ መሬት ውሃ ሲጨምሩ ነበር። ሶፍትዌሩ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ለእሱ ሁለቱም ልክ ናቸው። እንዲህ ያለውን ጥፋት ጉድጓዶቹን በቀለም ለይቶ፣ የገባውንና የወጣውን ውሃ በግራፍ የሚያሳይ ጋቢና በአምስት ደቂቃ ያጋልጠዋል።

ነፃው ጋቢና ሞዴልሚዩዝ ይባላል። የሚያወጣው ሞድፍሎውን ያወጣው መሥሪያ ቤት ራሱ ነው። ሁሉን ነገር ይችላል ማለት ይቻላል፤ ግን መስኮት በመስኮት ነው፤ መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል። በጀት ለሌለው ተማሪም ሆነ ቢሮ ከዚህ እንዲጀምር ነው የምመክረው። የፓይተን ፕሮግራም ቋንቋ የሚችል ሰው ደግሞ ሞድፍሎውን በፓይተን የሚያሠራውን ፍሎፓይን ይሞክር። ሞዴሉ በሙሉ በኮድ ስለሚጻፍ ከዓመት በኋላ «ይህን ቁጥር ከየት አመጣችሁት?» ስትባሉ መልሱ ፋይሉ ውስጥ ነው።

ከሚከፈልባቸው ውስጥ ጂኤምኤስ የሚያዋጣው የጉድጓድ ሎግ (ሲቆፈር የታዩት ንብርብሮች መዝገብ) እና የጂአይኤስ (የኮምፒውተር) ካርታ ለተከመረበት ሰው ነው። የሎጎቹን ንብርብር አገናኝቶ በሦስት ገጽታ ይሠራል፤ ወንዙንና ወሰኑን በካርታ ላይ ስላችሁ ወደ ፍርግርጉ (ሞዴሉ መሬቱን ወደሚከፋፍልባቸው ሳጥኖች) ያወርደዋል። ፍርግርጉን ብትቀይሩ እንደገና መሳል የለም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ከሞዴሉ ቁጥሮች አንዳንዶቹን ኤችዲኤፍ5 በሚባል ፋይል ያስቀምጣል። ሞዴሉን ጂኤምኤስ ለሌለው ሰው የምታስረክቡ ከሆነ ወደ መደበኛው የጽሑፍ ፋይል መላክ አለባችሁ። ቪዥዋል ሞድፍሎው ፍሌክስ ደረጃ በደረጃ እጅ ይዞ ስለሚወስድ ለመማር ደስ ይላል። ግራውንድዋተር ቪስታስ ቀልጠፍ ያለ ነው፤ የሚወዱት የቆዩ አማካሪዎች ናቸው።

ፌፍሎው ሌላ ሞተር ነው

ፌፍሎው ከሞድፍሎው ጋር አይዛመድም። በ1979 በርሊን ውስጥ ተጀመረ፤ አሁን ዲኤችአይ የሚባለው የዴንማርክ ድርጅት ነው ያለው። መሬቱን በካሬ ሳይሆን በሦስት ማዕዘን ይከፋፍላል። የድሮው ሞድፍሎው ላይ በአንድ ጉድጓድ ዙሪያ ካሬዎቹን ስታሳንሱ፣ ረድፉና ዓምዱ እስከ ሞዴሉ ጫፍ ድረስ አብሮ ይቀጥን ነበር። ፌፍሎው በሚያስፈልገው ቦታ ብቻ ያጠብቃል፤ ስንጥቅና ጠማማ ወሰንም አያስቸግረውም።

ሻጮች አሁንም ይህንኑ ነው የሚያነሱት። ሞድፍሎው 6 ግን ሦስት ማዕዘንም ሆነ ሌላ ቅርጽ ስለሚቀበል ክርክሩ እንደ ድሮው አይደለም። ዛሬ ለፌፍሎው ብከፍል ለሙቀት ነው፤ የምድር ሙቀት ጉድጓዶች ላይ የዓመታት ልምድ አለው። የባሕር ጨው ወደ አኩይፈር ሲገባ፣ ወይም ጥልቅ ማዕድን ማውጫ ውሃው ሲቀዳ፣ እዚያም ጎበዝ ነው። ተራ የውሃ አቅርቦት ጥናት ከሆነ ግን ገንዘቡ ለተጨማሪ መከታተያ ጉድጓድ ቢውል ይሻላል ባይ ነኝ። ሞድፍሎው በየሳጥኑ የገባውንና የወጣውን ውሃ እየቆጠረ ስለሚያሳይ ለሚመረምራችሁ ሰው ማስረዳትም ይቀላል። እኔ ሞዴል ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማየው የሂሳቡን ልዩነት (የገባውና የወጣው ውሃ ምን ያህል እንደማይመጣጠን) ነው፤ ከ1 በመቶ ካለፈ ወደ ስዕሎቹ አልሄድም።

ለካሊብሬሽን (ሞዴሉን ከተለካው ጋር እስኪስማማ ለማስተካከል) ፔስት የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፤ ከሁለቱም ሞተሮች ጋር ይሠራል። «ካሊብሬሽን አለው» ብቻ ተብላችሁ አትክፈሉ።

ከመክፈላችሁ በፊት

ላይሰንሱ በየዓመቱ ይታደሳል ወይስ አንዴ ነው? ካልታደሰ የድሮ ሞዴላችሁን መክፈት ትችላላችሁ? ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ ይዛወራል? አንድ የማውቀው ቢሮ የዩኤስቢ ቁልፉ ሲጠፋበት የሁለት ዓመት ሥራው ተቆልፎ ቀርቷል። ሞዴሉን የሚረከበው አካል በምን እንደሚከፍተውም ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ምርጫውን የሚጨርሰው ይህ ነው።

የሚሸጡት አብዛኞቹ የሙከራ ጊዜ ወይም የተገደበ ቅጂ ይሰጣሉ። ከሶፍትዌሩ ጋር በመጣው ምሳሌ አትፈትኑት፤ እሱ ሁሌም ይሠራል። የራሳችሁን የጉድጓድ ሎግ፣ የራሳችሁን የተዝረከረከ የፓምፕ ሙከራ አስገቡበት። ፋይሎቻችሁን ሳታዘጋጁ ግን አታውርዱት፤ ቀኑ ብዙ ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ከጫናችሁት ሰዓት ጀምሮ ነው።